ወረቀቱን አየን አትበሉኝ፤ እናትየዋ ስትተነፍስ ሰማችኋት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቡልዶግ ናቸው። አይገርምም። ፈረንሳዊው ቡልዶግ እ.ኤ.አ. በ2022 የውሻ ዝርያዎችን በሚመዘግበው የአሜሪካ ኬነል ክለብ ዝርዝር ላብራዶር የሚባለውን ዝርያ ከ31 ዓመት በኋላ ከአንደኛነት አውርዶታል። እንግሊዛዊውም ቢሆን ወዳጁ ብዙ ነው። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ የቡልዶግ ይሁን። ትንፋሽ አጥሮት ክሊኒክ የሚመጣ ቡልዶግ ማየት የሥራዬ አንድ ክፍል ስለሆነ፣ ነገሩ ከልቤ ያሳስበኛል፤ አንዳንዱ መልስ ቢረዝምባችሁ ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ቡልዶግ ካልገዛሽልን ብለው ወጥረው ይዘውኛል። ባለቤቴ ኢንተርኔት ላይ በ1,800 ዶላር «ሙሉ ወረቀት ያለው» የእንግሊዝ ቡልዶግ ቡችላ አገኘ። ሰውየው ዛሬ ክፈሉና ነገ ውሰዱ ይላል። እኔ ደግሞ አንዲት አርቢ አነጋገርኩ። 4,500 ዶላር ጠየቀችኝ፤ በዚያ ላይ ተራ ጠብቂ አለች፤ በዚያ ላይ ቤታችሁ ደረጃ አለው ወይ፣ ቀን ቀን ማን ይውላል፣ ኤሲ አላችሁ ወይ እያለች ጥያቄ አዘነበችብኝ። ሁለቱም ንጹሕ ዝርያ ነው ይላሉ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ብሆን ጥያቄ ያዘነበችብሽን ሴትዮ ነበር የምይዘው። ግን እሷንም ዝም ብለሽ አትመኛት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ። ሰውየው «ሙሉ ወረቀት» የሚለው የትውልድ ምዝገባውን ነው። ያ ወረቀት የሚነግርሽ አባቱ እገሌ፣ እናቱ እገሊት፣ ሁለቱም በቡልዶግነት የተመዘገቡ መሆናቸውን ነው። ልቡ ደህና ይሁን አይሁን፣ የአየር ቧንቧው ይጥበብ አይጥበብ፣ የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው ይውጣ አይውጣ አይናገርም። የአሜሪካ ኬነል ክለብ ራሱ ምዝገባው የጤና ማረጋገጫ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። በቡልዶግ ላይ ደግሞ «ንጹሕ ዝርያ» የሚለው ቃል ብቻውን ሊያስደስትሽ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዴቪስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የእንግሊዝ ቡልዶግ ዘረ መል በጣም እንደጠበበ አሳይቷል። ውሾቹ እርስ በርስ በጣም ይቀራረባሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከማን ጋር ማን እንደተዳቀለ አስቦ የሚሠራ አርቢ ያስፈልግሻል።

ጤናን የሚናገረው ሌላ ወረቀት ነው፤ እሱም የቡችላው ሳይሆን የወላጆቹ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «ሐኪም አይቶታል፣ ክትባትም ወስዷል» ይላችኋል። ጥሩ ነው፣ መውሰድም አለበት። ግን የስምንት ሳምንት ቡችላን ሐኪም አየው ማለት ዛሬ አልታመመም ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላው እንዴት እንደሚተነፍስ ማወቅ ከፈለግሽ እናቱንና አባቱን ማየት አለብሽ።

አሜሪካ ውስጥ ኦኤፍኤ የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የውሾችን የአጥንትና የሌላም የጤና ምርመራ ውጤት ይመዘግባል። ድረ ገጹ ለማንም ክፍት ነው። የእናትየዋንና የአባትየውን የምዝገባ ስም ወይም ቁጥር ከአርቢዋ ተቀበይና ራስሽ ፈልጊ። በቡልዶግ ላይ በዋናነት የምትፈልጊው የልብ ምርመራ፣ የጉልበት ሎሚ ምርመራ እና የአየር ቧንቧ ራጅ ነው። ስሙን ጽፈሽ ምንም ካልወጣ አርቢዋን ጠይቂያት። ውጤቱ ሌላ ቦታ ካለ ወረቀቱን ታሳይሽ። «የኔ ውሾች ታመው አያውቁም፣ ምርመራ ምን ያደርጋል» ካለችሽ አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ።

የዳሌ መገጣጠሚያን በተመለከተ ግን አንድ ነገር እወቂ። ኦኤፍኤ ከመረመራቸው ቡልዶጎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት የዳሌ ችግር አለባቸው። እንከን የለሽ ዳሌ ያለው ቡልዶግ አገኛለሁ ብለሽ ብትነሺ ፍለጋው አያልቅም። አርቢዋ ራጁን አስነስታ፣ የተሻሉትን መርጣ የምታራባ ከሆነ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ምርመራ የትንፋሹ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ኬነል ክለብ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመሩት ነው፤ አሁን አሜሪካም ውስጥ በኦኤፍኤ በኩል ይሰጣል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሐኪሙ የውሻውን ጉሮሮና ደረት በማዳመጫ ያዳምጣል፣ ከዚያ ውሻው ለሦስት ደቂቃ ሶምሶማ ይሮጣል፣ ከዚያ እንደገና ይደመጣል። ውጤቱ ከ0 እስከ 3 ነው። 0 ማለት ደህና ይተነፍሳል ማለት ነው። 3 ያገኘ ውሻ ሊራባ አይገባም። ምርመራው የሚሠራው ዓመት ለሞላው ውሻ ስለሆነ ቡችላው ላይ አትጠይቂ፤ ወላጆቹ ስንት አገኙ ብለሽ ጠይቂ። 0 ወይም 1 ካሉሽና ወረቀቱን ካሳዩሽ ደስ ይበልሽ።

አንድ የዲኤንኤ ምርመራም አለ። ቡልዶጎች ሽንታቸው ውስጥ ዩሪክ አሲድ እንዲበዛ የሚያደርግ የዘር ችግር አለባቸው፤ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ይሠራል፤ ወንዱ ላይ ሲሆን ጠጠሩ የሽንት ቱቦውን ዘግቶ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ይዳርጋል። ችግሩ የሚወጣው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። ከሁለቱ አንዱ ነጻ ከሆነ ቡችላው አይታመምበትም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ከአፍ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ነው። ይህችን ያላስመረመረ አርቢ ሌላውን አስመርምሯል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

አሁን ወደ ዋጋው። 4,500 ዶላር ብዙ ገንዘብ ነው፤ አይደለም አልልሽም። ግን ቡልዶግ ማራባት ራሱ ውድ ነው። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ የእናትየዋ ዳሌ ጠባብ ስለሆነ ብሪታኒያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የቡልዶግ ወሊድ በቀዶ ሕክምና ነው። ማዳቀሉም ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚወለዱት ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ናቸው። አርቢዋ በየሁለት ሰዓቱ እየነቃች ቡችሎቹን ከእናታቸው ታስጠባለች፣ ምክንያቱም ቡልዶግ እናት ሳታውቀው ቡችላዋ ላይ ትተኛለች። ስለዚህ በጣም ርካሽ ቡልዶግ ስታገኚ የሆነ ነገር ተዘሏል ብለሽ ጠርጥሪ። ነገር ግን ውድ ስለሆነም ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ዋጋ ማንም ይጠራል። ገንዘቡ ምርመራ ላይ መዋሉን ማረጋገጫው ያው የወላጆቹ ወረቀት ነው።

ጥያቄ ማብዛቷን አትቀየሚ። ደረጃ አለ ወይ ያለችው ቡልዶግ ቀን በቀን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ መገጣጠሚያው ስለሚጎዳ ነው። ኤሲ አለ ወይ ያለችው የሜሪላንድ የሐምሌ ሙቀት ቡልዶግን ሊገድል ስለሚችል ነው። ቡችላዬ የት ይደርሳል ብላ የምትጨነቅ ሰው ናት። ውሉን ስትሰጥሽ አንድ አንቀጽ ፈልጊ፤ «በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ምክንያት ማሳደግ ካልቻላችሁ ለእኔ ትመልሳላችሁ» የሚል። ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ይህን ሳይጽፍ ቡችላ አይሰጥም።

ሰውየው ደግሞ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እንስሳ ሱቆች ቡችላ መሸጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ስለዚህ በብዛት ከሚያራቡ ሰዎች የመጡ ቡችሎችን በኢንተርኔትና በመኪና ማቆሚያ ቦታ መሸጥ ተለምዷል። «መንገድ ላይ እንገናኝ፣ ለእናንተ እንዲቀል ግማሽ መንገድ ልምጣ» ካለ እናትየዋን ሊያሳያችሁ አልፈለገም ማለት ነው። ለልጆቹ ትንሽ ታገሡ በያቸው። ተራ መጠበቅ የቡልዶግ አንዱ ወግ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። አርቢ መርጫለሁ፣ ቀብድም ከፍያለሁ፤ ቅዳሜ ሄጄ ከአራት ቡችሎች አንዱን እመርጣለሁ። የፈረንሳይ ቡልዶግ ናቸው። ስደርስ ምን ምን ልይ? በሥዕል ሁሉም ያምራሉ።

መልስ፦ ስትገባ ቡችሎቹን ለጊዜው ተዋቸው። ዐይንህን እዚያ ካሳረፍክ አለቀልህ፤ የቡልዶግ ቡችላ አይቶ ልቡ የማይሸነፍ ሰው አላየሁም።

እናትየዋ ትምጣልህ። እንድትራመድ፣ እንድትጫወት አድርግ፤ ኳስ ወርውርላት። ከዚያ ዝም ብለህ ስማ። ደህና የምትተነፍስ ውሻ ትንፋሿ ብዙ አይሰማም። ቁጭ ብላ፣ ምንም ሳትሠራ፣ ነቅታ እያለች የምታንኮራፋ ከሆነ ያ «የቡልዶግ ጠባይ» አይደለም። ለስላሳው የላንቃ ክፍል ረዝሞ የአየር መንገዱን እየዘጋባት ነው። ባለቤቶች «ሁሉም እንዲህ ነው፣ ሲያንኮራፋ ደስ ይላል» ይላሉ፤ እኔ ግን ይህን ስሰማ ሁሌም አዝናለሁ፤ ውሻዋ አየር እያጣች ነው። ስትተኛ እንዴት እንደምትተኛ ጠይቅ። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አገጯን ትራስ ላይ አስደግፋ፣ ወይም አፏ እንዳይዘጋ አሻንጉሊት ነክሳ የምትተኛ ከሆነ ጉሮሮዋን ለመክፈት እየታገለች ነው። ከበላች በኋላ ቶሎ ቶሎ አረፋ የምታስመልስ ከሆነም እንደዚያው፤ የትንፋሹ ትግል ሆዷንም ይረብሸዋል።

አባትየው ብዙ ጊዜ እዚያ ቤት አይገኝም፤ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አትደንግጥ። ለጥቂት ደቂቃ ሲሮጥና ሮጦ ሲቆም የሚያሳይ ቪዲዮ ግን ጠይቅ፤ ድምፁን ከፍ አድርገህ እየው።

እናትየዋ ካለፈች ወደ ቡችሎቹ ና። ለበዓል በግ ስንገዛ ጀርባውን ዳበስ፣ ጥርሱን ገለጥ አድርገን እናይ የለ፤ እዚህም እጅህን ሳታፍር አስገባ። ከአፍንጫው ጀምር። ፊት ለፊት ተቀምጠህ ቀዳዳዎቹን እይ። ሁለት የተከፈቱ፣ በደንብ የሚታዩ ቀዳዳዎች መሆን አለባቸው። ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ከሆኑ፣ ወይም አየር ሲስብ የአፍንጫው ጠርዝ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ተወው። ያ አፍንጫ ነገ በቀዶ ሕክምና የሚሰፋ አፍንጫ ነው፤ ሂሳቡ የአንተ ነው፣ ሕመሙ የሱ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ጠባብ ቀዳዳ ካላቸው ደግሞ አራተኛውን አትምረጥ። ቀብድህን ጠይቀህ ተመለስ።

ከዚያ ዐይኑ። ውስጠኛው ጥግ ላይ ቀይ እብጠት ካየህ «ቼሪ አይ» የሚሉት ነው፤ የእንባ ዕጢው ከቦታው ወጥቷል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዐይኑን እየቧጨረው እንደሆነም አስተውል፤ ዐይኑ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ግማሹ የተጨፈነ ይሆናል። የፊቱን እጥፋት በጣትህ ከፍተህ እይና አሽትት። ቀይ፣ እርጥብ፣ ሽታ ያለው ከሆነ ገና በጨቅላነቱ ቆዳው ተበክሏል። ጅራቱ ሥርም እንደዚሁ። የቡልዶግ ጅራት እንደተጠመዘዘ ወደ ውስጥ ገብቶ ኪስ ሊሠራ ይችላል፤ እዚያ ውስጥ እርጥበት ሲጠራቀም ቁስል ይሆናል። ከዚህ የተጠመዘዘ ጅራት ጋር አብሮ የሚመጣ የአከርካሪ አጥንት ችግርም አለ፤ አንዳንዱ አጥንት በግማሽ ብቻ ያድጋል። አብዛኞቹ ውሾች ሳይታመሙበት ይኖራሉ፤ አንዳንዱ ግን ነርቩ ተጭኖ የኋላ እግሩ ይደክማል። ስለዚህ ቡችላው ምንጣፍ ላይ ሲሄድ ከኋላው ሆነህ ተመልከት። እግሩን ይጎትታል? የኋላው ይወዛወዛል? የኋላው ሁሌ በሽንት የራሰ ነው? ከሆነ አትውሰደው።

ከበላ በኋላ በአፍንጫው ወተት ወይም ውሃ እንደማይወጣ አረጋግጥ። ሆዱ ከመጠን በላይ የተነፋ ከሆነ ስለ ትል መድኃኒቱ ጠይቅ።

ጠባዩንም ቢሆን እይ። እጅህን ሊልስ የሚመጣ፣ ወድቆ የሚነሳ፣ ድምፅ ሲሰማ ቆም ብሎ እንደገና ወደ ጨዋታው የሚመለስ ቡችላ ይሻላል። ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠውን ትንሹን በሐዘኔታ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። ሐዘኔታው ደግ ነው፤ የሚመጣውን የሕክምና ወጪ ለመሸከም አቅሙም ፈቃዱም ካለህ ውሰደው። ከሌለህ ግን ለአርቢው ተውለት፤ ማሳደግ የሱ ግዴታ ነው።

ከስምንት ሳምንት በታች ከሆኑ ቅዳሜ የምትመርጥበት እንጂ ይዘህ የምትሄድበት ቀን አይሁን።

ጥያቄ፦ ለንደን ነኝ። «ሊላክ መርል» የሚባል ቀለም ያለው ሰማያዊ ዐይን የእንግሊዝ ቡልዶግ አየሁ። ሻጩ ብርቅዬ ቀለም ስለሆነ ከሌላው እጥፍ ነው አለኝ። ይገባዋል?

መልስ፦ አይገባውም። መርል የሚባለው ዝንጉርጉር ቀለም በአሜሪካው የቡልዶግ መለኪያ በግልጽ ከውድድር ያስወጣል፤ ሰማያዊ ዐይንም እንዲሁ። ብርቅዬ የሆነው ጠንቃቃ አርቢዎች ስለማያራቡት ነው። ሁለት መርል ውሾች ሲዳቀሉ ከቡችሎቹ በአማካይ ሩቡ ቀለሙን ከሁለቱም ይወርሳሉ፤ እነዚህ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆነው የመወለድ ዕድላቸው ከፍተኛ ነው። እንደ ሰማያዊና ሊላክ ባሉ የፈዘዙ ቀለሞች ላይ ደግሞ ጸጉር የሚያረግፍ የቆዳ በሽታ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሻጩ ሐሳብ ነው። ሁለት ውሾችን ለቀለማቸው ብሎ ያገናኘ ሰው ለትንፋሻቸው ብሎ አላገናኛቸውም።

እንግሊዝ ውስጥ ስለሆንሽ ሕጉ ይረዳሻል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላ ራሱ ባላራባው ነጋዴ መሸጥ ክልክል ነው። ከአርቢው ቤት ሄደሽ፣ ከእናቱ ጋር ሆኖ አይተሽው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ መለያ) ገብቶለት ነው የምትወስጅው። «እናቱ ሐኪም ቤት ናት» ካሉሽ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ በይና እውነት መሆኑን እይ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ነው የምጽፈው። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አንድ የእንግሊዝ ቡልዶግ ማሳደግ የቆየ ምኞቴ ነው። ዳላስ ያለው ልጄ በአውሮፕላን ላምጣልህ ይለኛል። በሌላ በኩል ቴሌግራም ላይ ከውጭ አገር የሚልክ ሰው አግኝቻለሁ፤ ግማሹን ክፈል፣ ቡችላው ቦሌ ሲደርስ ቀሪውን ትከፍላለህ አለኝ። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ የቴሌግራሙን ሰውዬ ዛሬውኑ ይተዉት። ይህ የታወቀ የማጭበርበሪያ መንገድ ነው። ግማሹን ከከፈሉ በኋላ የኳራንቲን፣ ከዚያ የልዩ ሣጥን፣ ከዚያ የኢንሹራንስ እያሉ ደጋግመው ያስከፍላሉ፤ ውሻ የሚባል ነገር የለም። ከሰውየው ጋር በቪዲዮ ተነጋግረው ቡችላውን ከእናቱ ጋር፣ እርስዎ የሚሉትን ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ሰበብ ያበዛል።

ልጅዎ ላምጣልህ ያለው ከልቡ እንደሆነ አያጠራጥርም። ግን የቡልዶግ ጉዞ አስጊ ነው። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 አየር መንገዶች ሪፖርት ያደረጉትን 122 የውሻ ሞት ሲመረምር ግማሽ ገደማ የሚሆኑት አጭር አፍንጫ ያላቸው ዝርያዎች ነበሩ፤ ከሁሉም የበዛው የእንግሊዝ ቡልዶግ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች ቡልዶግን በጭነት ክፍል አንጭንም ብለዋል። ልጅዎ ትኬት ከመቁረጡ በፊት አየር መንገዱን በጽሑፍ ይጠይቅ። የእብድ ውሻ ክትባቱ፣ ማይክሮቺፑና የጤና ሰርተፊኬቱም ተሟልተው መያዝ አለባቸው። ወደፊት ውሻውን ይዞ ወደ አሜሪካ መመለስ ቢያስፈልግም ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው መሆን አለበት፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ነው ከተባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ተጨማሪ ሰነድ ይጠየቃል። ክትባቱን አሜሪካ ከወሰደ ማረጋገጫው ከአሜሪካ ሳይወጣ ይሠራ፤ በኋላ ከመሯሯጥ ያድናል።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ጠባብ አፍንጫና ጠባብ የአየር ቧንቧ ላለው ውሻ ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው። የአየሩ ቅዝቃዜ ግን ይጠቅመዋል፤ ድሬዳዋ ወይም አዳማ ቢሆኑ ኖሮ ጨርሶ አልመክርዎትም ነበር። እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደ፣ እናትና አባቱን ቤታቸው ሄደው ያዩት፣ ከፍታውን ለምደው ደህና ሲተነፍሱ የሰሟቸው ውሾች ልጅ ቢያገኙ ከሁሉ ይሻልዎታል። ምዝገባ ላይኖረው ይችላል። ለውድድር እስካልፈለጉት ድረስ ለእርስዎ ትንፋሹ ይበልጣል። የእንስሳት ሐኪም ይዘው ይሂዱ፤ የአንድ ቀን አበል ቢከፍሉት ከሚመጣው ወጪ ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ ኦስሎ ነው የምኖረው። ጓደኞቼ ቡልዶግ መግዛት ራሱ እንስሳን ማሰቃየት ነው ይሉኛል፤ ፍርድ ቤትም ከልክሏል ይላሉ። እውነት ነው? አንተስ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት የእንግሊዝ ቡልዶግንና ካቫሊየር የሚባለውን ትንሽ ውሻ ማራባት የኖርዌይን የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ይጥሳል ብሎ ፈረደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የካቫሊየሩን አጽንቶ የቡልዶጉን ሻረው። ስለዚህ ቡልዶግ ማራባት በኖርዌይ አልተከለከለም። ሆላንድ ሌላ መንገድ ይዛለች። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከዐይኑ እስከ አፍንጫው ጫፍ ያለው ርቀት ከጭንቅላቱ ርዝመት አንድ ሦስተኛ የማይሞላ ውሻ እንዳይራባ ወስናለች።

ጓደኞችህ የሚያሳስባቸው ነገር መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ለንደን የሚገኘው ሮያል ቬተርናሪ ኮሌጅ ባወጣው ጥናት ብሪታኒያ ውስጥ ውሻ ሲወለድ የሚጠበቅለት ዕድሜ በአማካይ 11.2 ዓመት ሲሆን የእንግሊዝ ቡልዶግ 7.4 ነው። ይህን ቁጥር አይቶ ዝም ማለት አይቻልም። ይህ ውሻ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1835 ውሻን ከኮርማ ጋር ማታገል እስክትከለክል ድረስ ቡልዶግ እግሩ ረዘም ያለ፣ አፍንጫውም እንደዛሬው ያልተደፈጠጠ ውሻ ነበር። አጭሩን ፊት ከዚያ ወዲህ ሰው መርጦ ያመጣው ነው። ሰው ያመጣውን ሰው ሊመልሰው ይችላል፤ የሚመልሱትም ገዢዎች ናቸው። ገዢ አፍንጫው ረዘም ያለውን፣ ቆዳው ያልተጨማደደውን፣ ሮጦ የሚመለሰውን ሲጠይቅ አርቢው እሱን ያራባል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ወላጆቹ ተመርምረው ትንፋሻቸው ደህና የሆነ፣ ፊቱ ያልተደፈጠጠ ቡልዶግ ካገኘህ ግዛ። ካላገኘህ አትግዛ፤ ግማሽ መፍትሔ የለውም። ቡልዶግን የምትወደው ለጠባዩ ከሆነ ደግሞ አዋቂ ውሻ ማሳደግን አስብ። የሦስትና የአራት ዓመት ቡልዶግ እንዴት እንደሚተነፍስ ግምት አያስፈልገውም፤ ፊት ለፊትህ ይታያል። አሜሪካ ውስጥ የቡልዶግ ክለቡ ራሱ ባለቤት ያጡ ቡልዶጎችን የሚያስጠጋ መረብ አለው፤ በየአገሩም ተመሳሳይ ማኅበራት ይገኛሉ። አንተም ያለህበት አካባቢ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ቡችላው ቤት ገብቷል። ኢንሹራንስ መቼ ልግባ? ሐኪም ጋስ መቼ ልውሰደው?

መልስ፦ ኢንሹራንሱን ቡችላው ቤት በገባ ቀን ግቢ፤ ከቻልሽም ቀድመሽ ጨርሺ። ኢንሹራንሶች ውል ከመግባትሽ በፊት የታየን በሽታ አይከፍሉም፤ ሐኪሙ አንዴ «አፍንጫው ጠበብ ያለ ነው» ብሎ ካርዱ ላይ ከጻፈ በኋላ ብትገቢ የአፍንጫውን ቀዶ ሕክምና ከኪስሽ ነው የምትከፍይው። ፖሊሲውን ስታነቢ ከውልደት የመጡና የዘር በሽታዎችን ይሸፍናል ወይ የሚለውን ፈልጊ፤ የቡልዶግ ችግር አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው። የሚጠበቅ ጊዜ ስላለው ዛሬ ገብተሽ ነገ አይሠራም።

ሐኪም ጋ በሦስት ቀን ውስጥ ውሰጅው። ብዙ ውሎች ችግር ከተገኘ አርቢው እንዲቀበልሽ የሚያስገድዱት በ48 ወይም በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ውልሽን አይተሽ ቀጠሮውን ከወዲሁ ያዢ። የክትባት ካርዱን ይዘሽ ሂጂ፤ ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት ገዳይ የቡችላ በሽታዎች ክትባት 16 ሳምንት እስኪሞላው በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ይቀጥላል፤ እስኪጨርስ ድረስ ሌሎች ውሾች የሚበዙበት መናፈሻ አትውሰጅው። ማሰሪያውንም አንገቱ ላይ አታድርጊ፤ ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ግዢለት፤ የቡልዶግ ጉሮሮ ተጨማሪ ጫና አይችልም።